ዲኤክሴ ቅዳሜና እሁድ ከቆመች ሰኞ ባትሪዋ ባዶ ነው፣ ማንን ልመን?

ባለ_ዲኤክስ፦ ሰላም ወገን፣ የ86 ሞዴል ኮሮላ ዲኤክስ አለችኝ፣ በየቀኑ ስነዳት ምንም አትልም ግን ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት ካቆምኳት ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) ጠቅ ጠቅ ብቻ ነው፣ ጎረቤቶቼ መግፋት ሰልችቷቸው መስኮት መዝጋት ጀምረዋል። ባትሪው 45 አምፔር ሰዓት ነው፣ ከተገዛ ሶስት ወሩ። አንዱ ኤሌክትሪሺያን ዲናሞ (ሞተር ሲሰራ ባትሪ የሚሞላውን) ቀይር አለኝ፣ ሌላው ደሞ ሞተር አስነስቶ ለካና 14.1 ቮልት ስላለ ዲናሞህ ጤነኛ ነው ባትሪ ነው የሸወዱህ አለኝ። ብሩ ላንዱ ብቻ ነው ያለኝ።

የመርካቶ_ልጅ፦ የኔ እንደዛ ስትሆን የባትሪው ፖል ላይ ነጭ ዱቄት ሰርቶ ነበር፣ በሙቅ ውሃ አጥቤ ማሳውን (የኔጋቲቩን ገመድ) አጠበቅኩት አለቀ። መጀመሪያ ነፃውን ሞክር።

ጋሽ_ቴስተር፦ ፖሉ ቢሆን እኮ በየቀኑም ባስቸገረው ነበር። በቆመች ቁጥር የሚብስ ከሆነ ሌሊት የሚጠጣት ነገር አለ። 14.1 ማለት ደሞ ዲናሞው ቀን ይሞላል ማለት ነው እንጂ ሌሊት አያፈስም ማለት አይደለም፣ ዳዮዱ (ኤሌክትሪኩን ባንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው) ከተበላሸ ሁለቱንም ያደርጋል። ልጄ ምንም ሳትገዛ ለካ፦ ቁልፉን አውጣ፣ በሩን ዝጋ፣ የኔጋቲቩን ገመድ ከባትሪው ፈትተህ ቴስተሩን 10 አምፔር ላይ አድርገህ በገመዱና በፖሉ መሀል አስገባው። እንደዛ እያለ ሞተር እንዳታስነሳ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል። ከ0.05 አምፔር በታች ካለ ሰላም ነው፣ ከበለጠ ፊውዝ አንድ ባንድ እየነቀልክ የቱ ላይ እንደሚወርድ እይ። ሁሉንም ነቅለህ ካልወረደ በፊውዝ ሳጥኑ የማያልፍ ነገር ነው፣ ወይ ዲናሞው ወይ ማንም ልጅ ከባትሪ በቀጥታ የቀጠለው አላርም።

ባለ_ዲኤክስ፦ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ለካሁት 0.6 አለ! የሙዚቃ ቴፑን ነበር የጠረጠርኩት ግን ፊውዙን ብነቅልም ንቅንቅ የለም፣ የቀሩትንም ነቀልኩ ያው ነው። አላርም የላትም። ከዛ ባትሪውን ፈትቼ የዲናሞውን ወፍራም ሽቦ አውጥቼ በቴፕ ጠቅልዬ ድጋሚ ስለካ 0.02! ሂሳቡን ስሰራው 60 ሰዓት በ0.6 ስታባዛ 36 አምፔር ሰዓት፣ ከ45 ምን ቀረ ታድያ። ዲናሞ የሚሰራ ሰው ጋ ወሰድኩት ዳዮዱን ብቻ ቀየረልኝ፣ ሙሉ ዲናሞ አልገዛሁም።

የመርካቶ_ልጅ፦ ሃሃ ሁለቱም ኤሌክትሪሺያኖች ግማሽ ግማሽ ልክ ነበሩ በለኛ።

ጋሽ_ቴስተር፦ ጎበዝ። ባትሪውን ግን አውጥተህ ሌሊቱን ሙሉ በቻርጀር ሙላው፣ ስንቴ ባዶ ሆኖ የከረመ ነው በመንዳት ብቻ አይሞላልህም። ሞልተህ አሳድረው ጠዋት ለካው፣ 12.6 ቮልት አካባቢ ካልቆመ እሱም ተጎድቷል።