ስክራች ለመለማመድ ምን ዓይነት ማጫወቻ ልግዛ? ልምምዱንስ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ከጀማሪው
የተከበራችሁ የሙያው ወዳጆች፣ እስካሁን ሙዚቃ የምቀላቅለው በኮምፒውተርና በኮንትሮለር ነበር፤ አሁን ግን ስክራችን (ሸክላውን በእጅ ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሱ ድምፅ ማውጣትን) በሸክላ ላይ በሥርዓቱ ለመማር ወስኛለሁ። ያለኝ ማጫወቻ በቺንጋ የሚዞር ሲሆን፣ ሸክላውን ይዤ ስለቀው ወደ ፍጥነቱ ለመመለስ ይንቀራፈፋል፤ ወደ ኋላ ስስበው ደግሞ መርፌው ይዘላል። በዚሁ ልለማመድ ወይስ ልቀይረው? ያገለገለ ዕቃ ብገዛስ ምኑን ልመርምር? ልምምዱንስ ከየትኛው ስክራች ብጀምር ይሻላል?

መልስ፦ ከድምፅ መሣሪያ ጠጋኙ
በቺንጋ የሚዞር ማጫወቻ ለማድመጥ እንጂ ለስክራች አይሆንም። እጅዎ ሸክላውን ሲይዘው ቺንጋው ይለጠጣል፣ ይንሸራተታል፣ ውሎ አድሮም ይላላል፤ ስለዚህ መንቀራፈፉ የእርስዎ የእጅ ጉድለት እንዳይመስልዎ። ሞተሩ ሳህኑን በቀጥታ የሚያዞረውን ዓይነት ይፈልጉ። ቴክኒክስ እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጣው ኤስኤል-1200፣ በተለይም በ1979 የተከተለው ኤምኬ2፣ ለረጅም ዘመን የዲጄዎች መለኪያ ሆኖ የቆየው ከዚህ የተነሣ ነው። የኤምኬ2 የማስነሻ ጉልበት 1.5 ኪሎግራም-ሴንቲሜትር ሲሆን፣ እንደ ፓዮኒር ፒኤልኤክስ-1000 ያሉት ደግሞ 4.5 ይደርሳሉ፤ ጉልበቱ በጨመረ ቁጥር ሳህኑ ከእጅዎ ሥር ሳይደክም መዞሩን ይቀጥላል። እኔ በበኩሌ ከርካሽ አዲስ ይልቅ በወጉ የተያዘ ያገለገለ ኤምኬ2 እመርጣለሁ።

ሲመረምሩ መርፌውን ከተሸከመው ክንድ ይጀምሩ። ክብደቱን አመጣጥነው መርፌው በአየር ላይ እንዲንሳፈፍ ካደረጉ በኋላ በቀስታ እፍ ቢሉበት ሳይያዝ መንቀሳቀስ አለበት፤ በጣትዎ ሲነኩት ደግሞ ከመሠረቱ ወዲያና ወዲህ የሚወላገድ ከሆነ አይግዙት። ቀጥሎ የፍጥነት ማስተካከያውን ዜሮ ላይ አድርገው በሳህኑ ጠርዝ ላይ ያሉትን ትልልቅ ነጥቦች በራሱ በመሣሪያው ቀይ መብራት ይመልከቱ፤ ቆመው ከታዩ ፍጥነቱ ትክክል ነው፣ ከሄዱ ግን አይደለም።

መልስ፦ ከውድድር ዲጄው
በተባለው እስማማለሁ፤ ሆኖም ሁለት ማጫወቻ ለመግዛት አይቸኩሉ። ስክራች ለመማር አንድ ማጫወቻና አንድ ጥሩ ሚክሰር (የድምፅ ማቀላቀያ) ይበቃል፤ ቢቱን (ምቱን) ከኮምፒውተር ማጫወት ይቻላልና። የተረፈውን ገንዘብ ክሮስፌደሩ (ድምፁን የሚከፍተውና የሚዘጋው የሚክሰሩ ተንሸራታች) ላይ ያውሉት። ጥሩ ክሮስፌደር ቀላልና ለስላሳ ነው፤ ከዳር በጥቂት ሚሊሜትር እንደተንቀሳቀሰ ድምፁ ሙሉ በሙሉ እንዲከፈትም ተደርጎ መስተካከል ይችላል። ድምፁ ቀስ እያለ የሚከፈትበት ፌደር የጣትዎን ሥራ ሁሉ ያደበዝዘዋል። በግጭት የሚያልቅ ሳይሆን በማግኔት የሚሠራ ወይም በቀላሉ ነቅለው የሚተኩት ቢሆን ይመረጣል።

መርፌው የሚዘልልበትን ምክንያት በተመለከተ፣ አብዛኛውን ጊዜ ካርትሪጁ (መርፌው የሚሰካበት ክፍል) የስክራች አለመሆኑ ወይም ክብደቱ ማነሱ ነው። ለምሳሌ የኦርቶፎን ኮንኮርድ ስክራች ኤምኬ2 በ4 ግራም ክብደት እንዲሠራ ይመከራል፤ ለማድመጥ የተሠሩት ግን ብዙውን ጊዜ ከዚህ በግማሽ ያነሰ ነው የሚሸከሙት። ብዙዎቻችን የለመድነውን ኤም44-7 ካርትሪጅ አምራቹ ሹር እ.ኤ.አ. በ2018 ማምረት ስላቆመ እሱን ፍለጋ አይድከሙ። ከሳህኑ ላይ ላስቲኩን አንሥተው ቀጭንና የሚንሸራተት የጨርቅ ምንጣፍ ማድረግዎንም አይርሱ።

መልስ፦ ከአሠልጣኙ
ስለ ልምምዱ እኔ ልበል። በቤቢ ስክራች፣ ማለትም ፌደሩን ሳይነኩ ሸክላውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በማንቀሳቀስ ይጀምሩ፤ ብዙ ጀማሪዎች ቶሎ የሚያልፉት ይህ ነው፣ ጊዜ (ታይሚንግ) የሚገነባው ግን እዚሁ ላይ ነው። ሁለቱ እንቅስቃሴዎች እኩል ርዝመት እስኪኖራቸው ድረስ ወደ ሌላ አይሂዱ። ከዚያ ቺርፕ ይከተላል፦ ፌደሩ ተከፍቶ ሸክላውን ወደ ፊት ይገፋሉ፣ ግፊቱ ሳያልቅ ይዘጋሉ፣ ከዚያም ወደ ኋላ ሲስቡ ይከፍታሉ። ድምፁ የወፍ ጫጫታ መስሎ ጥርት ካላለ የሚዘጉት ዘግይተው ነው። ትራንስፎርመርና ፍሌር ከዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው፤ ትራንስፎርመር ፌደሩ ተዘግቶ ጀምሮ በመክፈት ድምፁን የሚቆራርጥ ነው፤ ፍሌር ፌደሩ ክፍት ሆኖ ጀምሮ በመካከል ለቅጽበት በመዝጋት አንዱን ድምፅ ሁለት የሚያደርግ ስለሆነ፣ ከትራንስፎርመር ተቃራኒ ልማድ ይጠይቃል።

ለልምምድ ስክራች ዲጄዎች የሚጠቀሙበትን፣ መርፌው ቢዘልም እንኳ ያው ድምፅ የሚመለስበትን ሸክላ ይግዙ። ሸክላው በ33⅓ ፍጥነት አንዱን ዙር በ1.8 ሰከንድ ስለሚጨርስ፣ በደቂቃ 100 ቢት ላይ አንድ ዙር ልክ ሦስት ቢት ይሆናል። ይሁንና መጀመሪያ ከ80 በታች ባለ ቢት ይለማመዱና ራስዎን ቀርጸው ያድምጡ፤ ሲጫወቱ ያልሰሙት መዘግየት ከቅጂው ላይ ይሰማል።

ጥያቄ፦ ከጀማሪው
ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ የጓደኛዬን ኤምኬ2 ከሚክሰሬ ጋር ሳገናኘው ድምፁ ደካማና ቀጭን ነው፤ ከሥሩም እዝ የሚል ድምፅ ይሰማል። ማጫወቻው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ከድምፅ መሣሪያ ጠጋኙ
መበላሸቱን አልጠረጥርም። ገመዱን የሰኩት ላይን በሚለው መግቢያ ከሆነ ወደ ፎኖ (ለሸክላ ማጫወቻ የተሠራው፣ ማጉያ ያለው መግቢያ) ያዙሩት፤ የመርፌው ምልክት እጅግ ደካማ ስለሆነ ማጉያ ያስፈልገዋልና። እዝ የሚለው ድምፅ ደግሞ ከማጫወቻው የሚወጣው ቀጭን የግራውንድ ሽቦ ከሚክሰሩ ጀርባ ባለው ብሎን ላይ በደንብ ካልጠበቀ የሚመጣ ነው።