ግሉተንም ወተትም ለተከለከላችሁ የዲኤምቪ ሰዎች፦ እንጀራ ከየት፣ ዱቄት የቱ፣ ምሳ የት

ሰላም የዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) ወገኖች። ሰሞኑን አንዲት እህት "ሀኪሜ ግሉተንና ወተት አቁሚ አለኝ፣ አበሻ ታዲያ ምን ይበላል?" ብላ ስትጠይቅ ሰዉ ሁሉ "ምን ችግር አለው፣ የጾም ብዪ፣ እንጀራ እንደሆነ ጤፍ ነው" እያለ ሲመልስላት አይቼ ነው ይሄን የምጽፈው፣ ምክንያቱም እኔም ልክ እንደዛ ብዬ ነው አንድ አመት ሙሉ ራሴን ሳሳምም የከረምኩት። የጾም ማለት ቅቤና ወተት የለበትም ማለት ነው እንጂ ስንዴና ገብስ የለበትም ማለት አይደለም፣ ግሉተን የሚባለው ፕሮቲን ያለው ደግሞ እነሱ ውስጥ ነው፣ እዚህ አገር "የጤፍ እንጀራ" ማለት ጤፍ ያለበት እንጀራ ማለት ነው፣ ጤፍ ብቻ ማለት አይደለም። ይቺን ያወቀ ግማሹን መንገድ ጨርሷል።

ስለኔ ባጭሩ። አሌክሳንድሪያ ነኝ፣ ኡበር እነዳለሁ፣ ሴሊያክ ነው የተባልኩት፣ ግሉተን ስትበላ አንጀትህ የሚጎዳበት በሽታ ነው። ለአመታት ሆዴ እንደ ከበሮ ይነፋል፣ ደም ማነስ አለብህ ይሉኛል፣ የአይረን ኪኒን እውጣለሁ ወይ ፍንክች። አንድ ጓደኛዬ ግሉተን ተው ሲለኝ ሀኪም ሳላማክር ተውኩ፣ እሱ ነው ትልቁ ስህተቴ። የደም ምርመራው (ቲቲጂ የሚሉት) በትክክል የሚያሳየው ግሉተን እየበላችሁ ከሆነ ነው፣ ካቆማችሁ ውጤቱ ንጹህ ሊመስል ይችላል፣ እና ሀኪሟ መልሳ ለሳምንታት ዳቦ ብላ ብላኝ እያለቀስኩ በላሁ፣ ከዛ ኢንዶስኮፒ (በካሜራ ውስጥህን የሚያዩበት)፣ ከዛ ተረጋገጠ። እባካችሁ መጀመሪያ ተመርመሩ ከዛ አቁሙ። ወተቱ ምን አገባው ላላችሁ፣ አንጀት በግሉተን ሲጎዳ ላክቶስን (የወተትን ስኳር) የሚፈጨው ኢንዛይምም አብሮ ይቀንሳል፣ አንጀቱ ሲድን ለብዙ ሰው ይመለሳል ነው የሚሉት፣ ለኔ ግማሹ ተመልሷል መሰለኝ አይብ ትንሽ እችላለሁ፣ ማኪያቶ ግን አሁንም ጉድ ያፈላል።

እሺ እንጀራ። እሱ ነው የኛ ነገር።

በየግሮሰሪው በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠውን ገልብጣችሁ ጀርባውን አንብቡ። ፊት ለፊት በትልቁ ጤፍ ይላል፣ ጀርባው ላይ ጤፍ ካለ በኋላ ገብስ፣ ስንዴ፣ ሰልፍ ራይዚንግ ዱቄት (እሱም ስንዴ ነው)፣ ሩዝ፣ ማሽላ ይከተላል፣ እንደየጋጋሪው ይለያያል። ሩዙና ማሽላው ለኛ ችግር የለውም፣ ገብሱ ነው ተንኮሉ። ለምን መሰላችሁ፣ የአሜሪካ የአለርጂ ሌብል ህግ ለብቻው አውጥታችሁ ጻፉ ከሚላቸው ውስጥ ስንዴና ወተት አሉ፣ ገብስ ግን የለም። ስለዚህ ከስር "ኮንቴይንስ" (ይዟል) የምትለዋን መስመር ብቻ አይተህ ስንዴ የለም ብለህ ደስ ብሎህ ትገዛለህ፣ ገብሱ ከላይ በደቃቁ ተጽፎ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። እኔ ስድስት ወር በዚህ ተሸውጃለሁ። አስተማማኙ "ግሉተን ፍሪ" ተብሎ የተጻፈበት ነው፣ እሱን ለመጻፍ የአሜሪካ የምግብና መድሃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ ግሉተኑ ከሚሊዮን 20 በታች መሆን አለበት ብሎ በ2013 (በፈረንጅ) ህግ አውጥቷል፣ ያለበለዚያ ዝም ብሎ "መቶ ፐርሰንት ጤፍ" የሚል ወረቀት ማንም ይለጥፋል።

ቀጥሎ ቤታቸው የሚጋግሩ እናቶች። ጣዕሙን ካላችሁ እዚህ የሚደርስበት የለም፣ ግን አጠያየቁን እወቁበት። እኔ የምገዛቸው እትዬ፣ መጀመሪያ ደውዬ "እትዬ፣ ንጹህ ጤፍ ነው?" ስላቸው "ምን በወጣኝ የኔ ልጅ፣ ንጹህ ነው!" አሉኝ። በላሁ፣ ታመምኩ። ድጋሚ ደወልኩ፣ "ገብስ የሚባል ነገር የለበትም?" ስላቸው "ገብስማ ለማያያዣ ጣል አደርጋለሁ፣ ያለሱ ይበጣጠስብኛል እኮ" አይሉኝም! አልዋሹኝም ሴትየዋ፣ ለሳቸው ንጹህ ማለት ጉድፍ የሌለው፣ በንጽህና የተጋገረ ማለት ነው፣ ገብስ ደግሞ ጉድፍ አይደለም። ስለዚህ "ንጹህ ነው ወይ" ብላችሁ አትጠይቁ፣ "ስንዴ አለው? ገብስ አለው? እርሾው ከየትኛው ሊጥ ነው?" በሉ። እርሾው! ማንም የማያስበው እሱን ነው። ጤፍ ብቻ አቡክተውልኝ እርሾውን ከድሮው ድብልቅ ሊጥ ጨለፍ አድርገው ነበር የጣሉበት። ምጣዱና ማሰሻው ጨርቅም አለ። አሁን እግዜር ይስጣቸው፣ ለብቻው ባልዲ ገዝተው ክዳኑ ላይ ስሜን ጽፈውበታል፣ ጠዋት መጀመሪያ የኔን ነው የሚጋግሩት፣ በሳምንት አንዴ አመጣለሁ፣ ዋጋው ከድብልቁ ይበልጣል እና ይብለጥ፣ ተገቢ ነው፣ ጤፍ ብቻ ሲሆን ዱቄቱም ውድ ልፋቱም ብዙ ነው።

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚመጣውስ? እንደ ማማ ፍሬሽ ያሉ ድርጅቶች እንጀራ ወደ ውጭ ይልካሉ፣ መንግስት በ2006 (በፈረንጅ) የጤፍ እህል እንዳይወጣ ሲከለክል የተጋገረው እንጀራ ግን ይወጣ ነበር። የሚመጣበትን ቀን ጠይቃችሁ በዛው ቀን ካገኛችሁት ልስላሴውም ኮምጣጣነቱም አገር ቤት ነው፣ ሶስተኛ ቀኑ ላይ ግን ጠርዙ ይደርቃል። እሱም ቢሆን ሌብሉ ይነበብ፣ ከአገር ቤት ስለመጣ ብቻ ጤፍ ብቻ ነው ማለት አይደለም፣ ጤፉ ሲወደድ እዛም መደባለቅ አለ።

ራሳችሁ መጋገር ለምትፈልጉ (ባለቤቴ ናት የምትጋግረው፣ እኔ ሊጥ ነው የማሸው፣ እውነቱ ይነገር) ዱቄት በሁለት መንገድ ነው። የአበሻ ግሮሰሪ የሚሸጠው 25 ፓውንዱ ማስካል ጤፍ አይዳሆ የሚመረት ነው፣ በ1970ዎቹ (በፈረንጅ) ኢትዮጵያ ሰርቶ የተመለሰ ዌይን ካርልሰን የሚባል አሜሪካዊ ነው ያስጀመረው፣ ነጩም ቀዩም አለ፣ ለሚጋግር ሰው ያዋጣል። ቦብስ ሬድ ሚል ደግሞ ትንሿን ከረጢት በየፈረንጅ ሱፐርማርኬቱ ታገኟታላችሁ፣ ለእንጀራ ኪስ ታራቁታለች፣ ለገንፎና ለጨጨብሳ ግን ትበቃለች፣ አዎ የጤፍ ጨጨብሳ ይሆናል፣ ሞክሩት። አንድ ነገር፣ ግሮሰሪው ራሱ ከትልቅ ጆንያ በስኒ እየሰፈረ በላስቲክ የሚያስረውን ዱቄት ተዉት፣ ያው ስኒ ከገብሱም ከስንዴውም ጆንያ ሲገባ ባይኔ አይቻለሁ።

ምጣዱ ቤታኒ የሚሉት ክቡ የኤሌክትሪክ ግሪል ነው፣ ሲጀመር ለኖርዌጂያኖች ሌፍሳ ለሚባል ቂጣቸው የተሰራ ነው፣ እኛ ወስደን የእንጀራ ምጣድ አደረግነው። አሮጌ ከሰው አትግዙ፣ ወይ አትዋሱ፣ የድብልቅ ሊጥ ቅሪት ሊኖርበት ይችላል። ጤፍ ብቻ ሲሆን ይበጣጠሳል የሚባለው አብሲት ስለማይጣል ወይም ሊጡ ሳይደርስ ስለሚጋገር ነው፣ ክረምት ላይ እዚህ ቤቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ እስከ አራት ቀን ይፈጃል፣ ባለቤቴ ኦቨኑን ሳታበራ መብራቱን ብቻ አብርታ ሊጡን እዛ ታስቀምጠዋለች፣ ሙቀቱ ይበቃዋል።

አሁን ወተት። መጀመሪያ የናንተ ችግር ላክቶስ ነው ወይስ የወተት ፕሮቲን አለርጂ የሚለውን ለዩ፣ መድሃኒቱ አንድ አይደለም። ላክቴድ የሚባለው እውነተኛ የላም ወተት ነው፣ ላክቶሱ ብቻ ነው የተፈጨው፣ ለላክቶስ ሰው ያገለግላል፣ አለርጂ ላለበት ግን መርዝ ነው። ነዳጅ ማደያ ቡና ጋ የሚቀመጠው "ነን ዴይሪ" ክሬመር ደግሞ ስሙ እንደዛ ሆኖ ብዙው ኬዚን አለው፣ ኬዚን የወተት ፕሮቲን ነው፣ ይሄ ሲገባኝ ሳቄ ነው የመጣው። እኔ የኮስኮን የአልመንድ ወተት በካርቶን እገዛለሁ፣ ለሻይ ምንም አይል፣ ለማኪያቶ ውሃ ነው። የአጃ ወተት አረፋው ይሻላል ግን አጃ ከስንዴ ጋር ስለሚነካካ ግሉተን ፍሪ የሚል ያለበትን ብቻ። ንጥር ቅቤን "ነጥሯል እኮ ችግር የለውም" የሚሉ አሉ፣ ላክቶሱ በጣም ይቀንሳል እውነት ነው፣ አለርጂ ላለበት ግን አይሆንም። እኛ ቤት የወይራ ዘይት በኮሰረት፣ በኮረሪማ፣ በበሶብላና በነጭ ሽንኩርት በቀስታ እናነጥራለን፣ ሽታው ቤቱን ሲሞላ ቅቤ መሆኑን ትምላላችሁ፣ ፋሲካ ላይ ዶሮው በሱ ተሰርቶ እንግዳ አልነቃም። ክትፎ በሱ ግን... አይ፣ አልዋሽም፣ ክትፎ አይሆንም። ካልሲየም ከየት ታገኛለህ ለሚለኝ ሁሉ፣ ጎመንና ጤፍ በሉ ነው መልሴ፣ 100 ግራም ጤፍ ወደ 180 ሚሊግራም ካልሲየም አለው።

ሬስቶራንት። ዲሲ 9ኛ መንገድም፣ ሲልቨር ስፕሪንግም፣ ፎልስ ቸርችም "ግሉተን ፍሪ እንጀራ አለን" የሚሉ ቤቶች አሉ፣ አብዛኞቹ ግን ከአንድ ቀን በፊት ደውሉ ይላሉ፣ ጭማሪም ያስከፍላሉ። ቀድማችሁ ደውሉ ያሏችሁን ቤት እመኑ፣ ዘው ስትሉ "አለ አለ ቁጭ በል" የሚለውን ጠርጥሩ። አንዱ ቤት አስተናጋጇን "እህቴ፣ ይሄ ጤፍ ብቻ ነው?" ስላት "አይዞህ ትንሽ ናት ገብሷ" ብላኛለች፣ ስሙን አልናገርም። ደግሞ ግሉተን ፍሪውን እንጀራ ለብቻው አምጥተው ወጡን በድብልቁ እንጀራ ላይ አፍስሰው የሚያቀርቡ አሉ፣ ወጡ በሳህን ይምጣልኝ በሉ። በፍስክ ቀን የጾም ብታዙም በዘይት ብቻ መሰራቱን፣ አዋዜውን በምን እንዳቀጠኑት፣ ሽሮው ውስጥ ቅቤ የነካ ማማሰያ አለመግባቱን ጠይቁ። ጥያቄ በዛ ብለው ፊታቸውን ቢያጠቁሩም ተዉአቸው።

እንደኔ መንገድ ላይ ለምትውሉ፣ የሌላውን አገር ምግብ ልመዱ በቃ። እኔን ያተረፈኝ ኤደን ሴንተር ነው፣ ፎልስ ቸርች ያለው የቬትናሞቹ ገበያ፣ ፎ የሩዝ ኑድል ነው ወተት የሚባል ነገር አያውቅም፣ ጥቁሩን ሶስ ብቻ አትጨምሩ፣ አኩሪ አተር ሶስ ውስጥ ስንዴ አለ። ዊተን አካባቢ የሳልቫዶሮቹ ፑፑሳ ደግሞ በቆሎ ነው፣ "ሲን ኬሶ" በሉ፣ ያለ አይብ ማለት ነው፣ የባቄላውን ይሰጧችኋል። የህንዶቹ ዶሳ ሩዝና ምስር ነው፣ እንጀራችንን ያስታውሳል፣ ግን ሂንግ የሚሉት ቅመም ብዙ ጊዜ በስንዴ ዱቄት ተበርዞ ነው የሚሸጠው፣ እኔ አንዴ ተይዤበታለሁ። ቤት ለልጆች ፓስታ ካስፈለጋችሁ ባሪላ ግሉተን ፍሪው ከበቆሎና ከሩዝ ነው፣ ከምታስቡት በላይ ፓስታ ይመስላል፣ ባንዛ የሽምብራው ነው፣ ይበላል ግን ሽሮ ሽሮ ይላል (ለኔ አይከፋም)።

ከአገር ቤት በሻንጣ የሚመጣው ሽሮ ነገር ደግሞ፣ ወፍጮ ቤቱ ከናንተ በፊት ስንዴ ወይ ገብስ ፈጭቶ ከሆነ ያው ነው። እናቴን ለማስረዳት ሶስት ስልክ ፈጅቶብኛል፣ አሁን ጠዋት ወፍጮው ሳይነሳ ትሄድና መጀመሪያ አንድ ኪሎ ሽምብራ አስፈጭታ እሱን ለጎረቤት ትሰጣለች፣ ቀጥሎ የወጣው የኔ ነው።

ከምግቡ ይልቅ የሚከብደው ሰው ቤት ነው። ቡና ሲጠሩኝ ፈንዲሻ ይዤ እሄዳለሁ፣ ዳቦው ሲዞር ፈንዲሻዬን እዘግናለሁ፣ ማንም አያስተውልም። የገብስ ቆሎ፣ በሶ፣ ቅንጬ፣ ዳቦ ቆሎ የለም። ጠላ የለም፣ ብቅል ነው። ጠጅ ማርና ጌሾ ስለሆነ እሱን ጠጡ፣ ሹፌር ካልሆናችሁ። የምትቆርቡ ሰዎች ደግሞ ለንስሐ አባታችሁ ቀድማችሁ ንገሩ፣ እኔ አፍሬ ብዙ ቆይቼ ነው የነገርኳቸው፣ እሳቸው ግን በእርጋታ ነው ያዳመጡኝ፣ ተነጋግረን መላ አገኘንለት።

ሲልቨር ስፕሪንግ ወይ ጀርመንታውን በኩል ጤፍ ብቻ፣ በራሱ እርሾና በራሱ ምጣድ የሚጋግር የምታውቁ ካላችሁ ከስር ጠቁሙ፣ የኔዋ እትዬ በነሐሴ አገር ቤት ሊሄዱ ነው እና ባልዲዬን የት እንደማስቀምጥ እንኳን አላውቅም።