ክፍያ ጀመርን፤ በሩ ግን አልሰፋም፤ እባካችሁ እርዱኝ

በአንድ የባዮሎጂ ቤተ ሙከራ፣ በትምህርት እረፍት ወቅት ለ10 ሳምንታት የሚሰጥ፣ ለተማሪዎች የሚከፈልበት የምርምር ልምምድ አስተባብራለሁ። ክፍያውን የጀመርነው ያለ ገቢ መቆየት የማይችሉ ተማሪዎች እንዲመጡ ነበር። አሁንም የሚያመለክቱት ግን በአብዛኛው ቀድሞውንም ቤተ ሙከራ ገብተው የሚያውቁ ናቸው።

ባለፈው ዙር ከቤተሰቧ የመጀመሪያዋ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነች አመልካች፣ «የቀድሞ የምርምር ልምድ» በሚለው ቦታ «ዕድሉን አላገኘሁም» ብቻ ብላ ጽፋ ነበር። ተቀበልናት። ክፍያው የሚደርሰው ወሩ ሲያልቅ በመሆኑ ግን የመጀመሪያውን የቤት ኪራይ የምትከፍልበት አጥታ ሳትመጣ ቀረች። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በአሜሪካ ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ1988 የተመሠረተው የሜየርሆፍ የሳይንስ ተማሪዎች ድጋፍ መርሐ ግብር ተማሪዎቹን መደበኛው ትምህርት ሳይጀመር ሰብስቦ ያዘጋጃቸዋል። የእኛ አቅም እዚያ አይደርስም።

ልምዱ ያላችሁ ንገሩኝ፤ የመጀመሪያው ክፍያ ሥራው ከመጀመሩ በፊት እንዲለቀቅ የሒሳብ ክፍሉን ያሳመናችሁት እንዴት ነው? የመምህር የድጋፍ ደብዳቤንስ በምን ተካችሁት? በመቶዎች መካከል የሚቀመጥ፣ መምህሩ ስሙን እንኳ የማያውቀው ተማሪ ደብዳቤውን ከማን ያምጣ? ቀጣዩ ምዝገባ የሚከፈተው ከአንድ ወር በኋላ ነው።