ወረቀቱን ልመን ወይስ ካቦውን? (ስለ ወጣት ታራሚዎችና ራስን ማጥፋት)

ሲስተር_ክሊኒክ፦
ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ክልል ማረሚያ ቤት ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነኝ። አዲስ ገቢ ወጣቶችን ስንመዘግብ ፒኤችኪው-9 የሚባለውን ባለ ዘጠኝ ጥያቄ የድባቴ መጠይቅ እናስሞላለን። ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ደርሼ «ብሞት ይሻለኛል ብለህ ወይም ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ስል መልሱ ሁሌም «ኧረ በፍጹም» ነው። ምን ይበሉ? ጥበቃው በሩ ላይ ቆሟል፣ ከኋላው ተረኞች ተሰልፈዋል።

አሁን ያስጨነቀኝ አንድ የ19 ዓመት ልጅ ነው። የቀጠሮ እስረኛ ነው፤ ሰሞኑን ዋስትና ተከልክሏል። የመጠይቁ ድምር ከ27 3 ብቻ፣ ዘጠነኛው ዜሮ። የቤቱ ካቦ (ከእስረኞቹ መካከል የቤቱ ኃላፊ የሆነው) ግን መጥቶ «ሲስተር፣ ይሄ ልጅ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ነው የሚያድረው። እናቱ ስንቅ ይዛ መጥታ ስሙ ሲጠራ አልወጣም። ጫማውንም ‹ለኔ ምን ያደርግልኛል› ብሎ ለአንዱ ሰጠው» አለኝ። ሐኪም የሚመጣው በሳምንት አንዴ ነው። ማንን ልመን?

ሳይኪ_ነርስ፦
ካቦውን። ሐኪሙን ሳትጠብቂ ዛሬውኑ ልጁን አናግሪው።

ፒኤችኪው-9 ድባቴን ይለካል እንጂ ማን ራሱን እንደሚያጠፋ አይነግርሽም። ናይስ የሚባለው የእንግሊዝ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ፣ ራስን ማጥፋትን ለመተንበይ በነጥብ መለኪያ አትጠቀሙ ብሏል።

ጥበቃው የሚያይበት ግን የማይሰማበት ቦታ ፈልጊ፤ መድኃኒት ማከማቻውም ይሁን ዛፍ ሥር። አለቃው እንቢ ካለሽ የማንዴላ ደንቦችን፣ ማለትም የተባበሩት መንግሥታትን የእስረኞች አያያዝ ደንቦች ጥቀሺለት። ደንብ 30 እስረኛው ገና ሲገባ ራሱን የማጥፋት ስጋቱ ይታይ ይላል፣ 31 ደግሞ ምርመራው በሚስጥር ይሁን ይላል።

ከእንቅልፉ ጀምሪ። ቀጥሎ እናቱን ለምን እንዳላገኛት ጠይቂው። እኔ ያየኋቸው ብዙዎቹ ወጣቶች የሚያፍሩ ናቸው፤ «በዚህ ሁኔታ እንዴት ታየኝ» ይላሉ። ከዚያ ዙሪያ ጥምጥም ሳትሄጂ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» በይው። መጠየቅ ሐሳቡን ያስገባበታል የሚባለው ልክ አይደለም። አዎ ካለሽ አቅዶ እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት ሞክሮ እንደሆነ ጠይቂ። ዕቅድ ካለው ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ እስከዚያው ለደቂቃም ብቻውን አይሁን። ጫት ወይም መጠጥ በድንገት አቋርጦ እንደሆነም አጣሪ።

አደራሽን፣ «ለጥንቃቄ» ተብሎ ለብቻው እንዳይዘጋበት። ጥበቃዎች መጀመሪያ የሚመጣላቸው እሱ ነው፤ የባሰውን የሚያመጣውም እሱ ነው።

ከለንደን፦
እኔ እዚህ እስር ቤት ውስጥ እሠራለሁ። አክት የሚባል ብርቱካናማ መዝገብ አለን። ማንም ሠራተኛ፣ ወጥ ቤት የሚሠራው ሳይቀር፣ ስለ አንድ እስረኛ ከሰጋ ይከፍተዋል። ነርሷ ብቻ ናት የምታውቀው አይባልም። መዝገብ መክፈት ብቻውን ግን አያድንም። ሎርድ ሃሪስ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2013 እዚህ እስር ቤት ውስጥ የሞቱ 87 ወጣቶችን ጉዳይ መርምሮ በ2015 ባቀረበው ሪፖርት፣ እያንዳንዱን ወጣት በቅርብ የሚያውቅ አንድ የተመደበ ሠራተኛ ይኑር ብሎ ነበር። ሲስተር፣ ያንቺ ካቦ ሳይመደብ ያንን ሥራ እየሠራ ነው። «አድማጭ» የሚባሉ እስረኞችም አሉን፤ ሳማሪታንስ በሚባል ራስን ማጥፋትን ለመከላከል በሚሠራ በጎ አድራጎት ድርጅት ሰልጥነው ጓደኞቻቸውን ያዳምጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1991 ዌልስ ውስጥ ባለው ስዋንሲ እስር ቤት ነው የተጀመረው፣ አንድ የ15 ዓመት ልጅ እዚያ ከሞተ በኋላ።

ወጥቻለሁ፦
ሲስተር፣ እኔ ውስጥ የነበርኩ ሰው ነኝ። እባክዎ ልጁን ለዚህ ጉዳይ ብለው በስሙ አያስጠሩት። በዚያው ምሽት «እብዱ» ይሉታል፣ ከዚያ በኋላ ለማንም አይናገርም። ለቲቢ ምርመራ ብለው ከሌሎች ጋር ያስጠሩት፤ ለሳል ሲጠራ ማንም ዞር ብሎ አያይም። ደግሞ ካቦ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ራሱ ነው ልጁን የሚያስጨንቀው። ጫማው በፈቃዱ መሰጠቱን ከሌላ ሰውም ይስሙ።

ሲስተር_ክሊኒክ፦
የጫማውን ነገር በዚያ በኩል አላሰብኩትም ነበር፤ አጣራለሁ። የቲቢውን ዘዴ ዛሬ ከሰዓት እጠቀምበታለሁ፣ አክታ መቀበያ ይዤ ነው የምጠራው። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ ካርዱን ጥበቃዎችም ያዩታል። ምን ብዬ ልጻፍ?

ሳይኪ_ነርስ፦
የነገረሽን አትጻፊ፤ እሱን አንቺ ዘንድ በሚቆለፈው መዝገብ አስቀምጪ። ለጥበቃው መደረግ ያለበትን ብቻ ጻፊለት፦ ብቻውን አይደር፣ ከዚያ ቤት አይዛወር፣ ከፍርድ ቤት እንደተመለሰ መጀመሪያ ወደ ክሊኒክ ይምጣ። ቀጣይ ቀጠሮው መቼ ነው?

ሲስተር_ክሊኒክ፦
ሐሙስ።

ሳይኪ_ነርስ፦
እንግዲያው ረቡዕም ሐሙስም እይው። ዓርብ ተረኛ ካልሆንሽ ለምትተካሽ በቃልሽ ንገሪያት፣ ወረቀት ላይ ብቻ አትተዪው።