የአሮጌ ፕራዶ ፍሬን አየር ለማስወጣት የግድ ኮምፒውተር ያስፈልጋል?

ጥያቄ፣ ከባሕር ዳር፦
ጤና ይስጥልኝ። ኤቢኤስ (በድንገተኛ ፍሬን ጊዜ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሥርዓት) ያለው የ2005 ሞዴል ፕራዶ 120 አለኝ። የኋላው የፍሬን ቱቦ ዝጎ ስለተበሳ ጋራዥ አስገብቼ አስቀየርኩት፤ ሆኖም ሥራው በሚሠራበት ጊዜ የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ባዶውን በመቆየቱ ከዚያ ወዲህ ፔዳሉ ይለሰልሳል፣ ደጋግሜ ስረግጠው ደግሞ ከፍ ብሎ ይጠነክራል። በተለመደው መንገድ፣ ፔዳሉ እየተረገጠ፣ ወደ ፍሬኑ የገባው አየር ቢወጣም ለውጡ ጥቂት ነው፤ አሁን «ያለ ኮምፒውተር አይስተካከልም» ተብያለሁ። በስልክ የሚሠራ አነስተኛ የብሉቱዝ ማንበቢያ አለኝ፣ እሱ ይበቃል? ቤተሰብ ይዤ በዓባይ በረሃ በኩል ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ስላሰብኩ ምክራችሁን እጠብቃለሁ።

መልስ፣ ከአንድ መካኒክ፦
ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ኮፈኑን ከፍተው ማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎች የሚገፋው ክፍል) የተያያዘበትን ይመልከቱ፤ መልሱ የሚወሰነው እዚያ ነው። ትልቅ ክብ ጥቁር ቆርቆሮ ካዩ በቫኪዩም የሚታገዝ ፍሬን ነው። በምትኩ የራሱ ኤሌክትሪክ ሞተር የተገጠመለት የብረት አካል ካዩ ግን፣ ልክ እንደ ብዙዎቹ ላንድክሩዘር 100፣ ግፊቱን የሚያጠራቅመው ፓምፕ ነው። በዚህኛው ዓይነት የፊት ጎማዎች አየር እንደወትሮው በፔዳል ይወጣል፤ የኋላዎቹ ሲወጣ ግን ቁልፉ ኦን ላይ ሆኖ፣ ፔዳሉ ተረግጦ ተይዞ፣ ፓምፑ ራሱ ዘይቱን ይገፋል። የፓምፑ ሞተር እንዳይግል በመሃል ማሳረፍ ያስፈልጋል። የዘይቱ መጠን የሚታየውም ቁልፉ ጠፍቶ፣ ፔዳሉ 40 ጊዜ ያህል ተረግጦ ግፊቱ ካለቀ በኋላ ነው፤ ግፊቱ ሳይወጣ ቱቦ መፍታት እጅና ዓይን ላይ ከባድ ጉዳት ሊያደርስ ስለሚችል በፍጹም አይሞክሩት።

መልስ፣ ከመኪና ኤሌክትሪሺያን፦
ስለ ብሉቱዙ ማንበቢያ፦ ብዙውን ጊዜ የሚያነበው የሞተሩን ኮድ ብቻ ነው። የኤቢኤሱን ፓምፕና ቫልቮች እንዲሠሩ ማዘዝ የሚችለው እንደ ቶዮታው ቴክስትሪም ያለ ወይም በኤቢኤስ ክፍል ውስጥ የማዘዣ ሙከራ ያለው ስካነር (የመኪና መመርመሪያ ኮምፒውተር) ነው፤ ስለዚህ ጋራዥ ሲጠይቁ «ኮምፒውተር አላችሁ?» ሳይሆን «የዚህን መኪና የኤቢኤስ ፓምፕ ማስነሳት ትችላላችሁ?» ይበሉ። የጎማ በኩል ቱቦ ብቻ ተፈትቶ ማጠራቀሚያው ባይጎድል ኖሮ ስካነር ባላስፈለገ ነበር። የእርስዎ ግን ባዶ ስለሆነ አየሩ በማስተሩ አልፎ ኤቢኤሱ ውስጥ፣ ዘወትር ዝግ ሆነው ከሚቀመጡት ቫልቮች ኋላ፣ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ፔዳል ብቻውን እዚያ አይደርስም። ሥራው ሲሠራ ባትሪው በቻርጀር ይደገፍ፣ ምክንያቱም ኤሌክትሪኩ ሲወርድ ትእዛዙ መሃል ላይ ይቋረጣል።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ተመለከትኩት፣ ክቡ ጥቁር ቆርቆሮ ነው። የሥራው ቅደም ተከተል እንዴት ይሁን?

መልስ፣ ከመጀመሪያው መካኒክ፦
እንግዲያው መጀመሪያ የማስተሩ አየር ይውጣ፤ ቀጥሎ ከማስተሩ በጣም ከሚርቀው ከኋላ ቀኝ ጎማ ተጀምሮ አራቱም ይዳረሱ፤ ከዚያ በስካነሩ የኤቢኤሱ ፓምፕ ለአጭር ለአጭር ጊዜ እንዲሠራ ተደርጎ የአራቱም ጎማ አየር እንደገና ይውጣ። በየጎማው የአየር ማስወጫ ብሎን ላይ ግልጽ ቱቦ ሰክተው ሌላውን ጫፍ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ቢነክሩት አረፋው ሲወጣ በዓይንዎ ያዩታል፤ አረፋው ሳይቆም ብሎኑን አያጥብቁ። ፔዳሉን እስከ ወለሉ አያስረግጡ፤ በአሮጌ ማስተር ውስጥ ዘይቱን የሚያግደው ትንሽ ላስቲክ ዘወትር የማይደርስበት ቦታ ዝገትና ዝቃጭ ስላለው ላስቲኩን ይቆርጠዋል፣ ያን ጊዜ ሌላ ችግር ይጨመራል።

መልስ፣ ከአንድ የረጅም ጊዜ ሹፌር፦
ዘይቱ አዲስና ቆርቆሮው ያልተከፈተ ይሁን። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ ግን ይህ ወሰን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል፣ የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ደግሞ ፍሬን ያግላል። ከጎሐ ጽዮንም ሆነ ከደጀን ሲወርዱ በከባድ (በዝቅተኛ) ማርሽ ይሂዱ። ከመነሳትዎ በፊት ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን ረግጠው ይያዙት፤ የሚታይ ፍሳሽ ሳይኖር ቀስ እያለ ከሰመጠ ችግሩ አየር ሳይሆን ከማስተሩ ውስጥ ነውና፣ ያ ሳይጠገን ቤተሰብ አያሳፍሩ።