«ነቤት ፐር» የቤት እመቤት ናት?

ሸገሬ፦ ትናንት አንድ ልጅ እዚህ ግሩፕ ላይ «በጥንቷ ግብፅ ባለትዳር ሴት ‹ነቤት ፐር› ትባል ነበር፤ የቤት እመቤት ማለት ነው። የሴት ቦታ ጓዳ እንደሆነ ፈርዖኖቹም ገብቷቸው ነበር» ብሎ ላይክ ሰበሰበ። እውነት ቃሉ እንደዛ ይላል? ኑ እንከራከር።

ጋሽ ብራና፦ ልጁ ቃሉን አልሳተም። «ነቤት» እመቤት፣ «ፐር» ቤት ነው። ከመካከለኛው መንግሥት ዘመን (ከዛሬ 4000 ዓመት ገደማ በፊት) ጀምሮ በሴቶች የመቃብር ድንጋይ ላይ ሞልቷል። የወንዶቹን እዩ ደግሞ፤ ጸሐፊ፣ የጎተራ ሹም፣ የጦር አለቃ እያለ ይቀጥላል።

የአርባ ምንጯ፦ ጋሽዬ፣ ያችኑ «ፐር» ይዘን እንሂድ። ፈርዖን ራሱ «ፐር ዓ» ነው፣ ታላቁ ቤት። እና እሱም ወጥ ሲያማስል ይውል ነበር? 😂 «ነብ» ጌታ ነው፤ «ት» ስትጨመር እመቤት ይሆናል፣ ልክ እንደ ንጉሥና ንግሥት። እኛም ጋ እመቤት ትልቅ ማዕረግ ነበር። መታወቂያ ላይ «ሥራ» ከሚለው ጎን ስትገባ ነው ያነሰችው። የኔም ላይ «የቤት እመቤት» ይላል፣ ሱቅ እያለኝ!

ጠበቃው፦ ቃሉን ተዉትና ሰነድ እንይ። ናውናኽት የምትባል ሴት ነበረች፣ ዴር ኤል መዲና፣ የነገሥታቱን መቃብር የሚሠሩት ሰዎች መንደር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1145 ገደማ ምስክሮች ፊት ቆማ ተናዘዘች። ስምንት ልጅ አሳድጋለች፤ ስታረጅ የጦሯት ግን ሁሉም አይደሉም። ያልጦሯትን ከራሷ ድርሻ ነቀለቻቸው። የአባታቸውን ድርሻ አልነካችም፣ የሷ አይደለማ! ለአንዱ ልጇ ደግሞ የነሐስ መታጠቢያ ሳህን ጉርሻ ጨመረችለት። እዚያ ሰነድ ላይ መጠሪያዋ «የከተማ ኗሪት» ነው።

ጋሽ ብራና፦ ንብረቱን መቼ ካድኩ? መሸጥም፣ መክሰስም፣ ባሏን መፍታትም ትችል ነበር። ሹመቱስ? በብሉይ መንግሥት፣ ከመካከለኛው በፊት በነበረው ዘመን፣ ፔሴሸት የምትባል ሴት «የሴት ሐኪሞች አለቃ» ተብላለች። ሁለተኛ ጥሩልኝ እስቲ።

የአርባ ምንጯ፦ ሲጠሩልህም ሌላ ስም ይለጠፍባቸዋላ። በመካከለኛው መንግሥት «ሴሸት» የምትባል አለች። «ሴሽ» ጸሐፊ ነው፣ ይኸው «ት» መጣች። ጸሐፊት ብሎ ማለፍ ነበር። አንዳንድ ምሁራን ግን «‹አፏን ቀቢ› የሚለው ሲያጥር ነው፣ የእመቤቷ ኳይ ናት» አሉ። ለሱ ብዕር፣ ለሷ ሊፕስቲክ!

ጋሽ ብራና፦ ኧረ ቀስ! ሙሉው «አፏን ቀቢ» የሚለውም ተጽፎ ተገኝቷል። ከሜዳ አላመጡትም።

የአርባ ምንጯ፦ ተገኝቷል፣ እሺ። ግን «ሴሸት» ብቻዋን ስትጻፍ ለምን መጀመሪያ ከንፈር ይታያቸዋል? የጽሕፈት አምላካቸው ራሷ ሴት ናት፣ ሴሻት።

ሸገሬ፦ ቆይ፣ ወደ «ነቤት ፐር» እንመለስ። ምን ብለን እንተርጉመው?

ጠበቃው፦ «ባለቤት»! አለቀ። ቤቱም የሷ፣ ሚስትም ናት። በአንድ ቃል ሁለቱንም ይላል።

ጋሽ ብራና፦ ባለቤትማ ባልም ይባላል። የተጣላችሁላት «ት» ጠፋች እኮ!

የአርባ ምንጯ፦ ትጥፋ ጋሽዬ። መታወቂያዬን ሳሳድስ እሱን ነው የማስሞላው።