«ከፓራቤን ነፃ» የሆነ ሻምፑም እጅ ያሳክካል?

ፀጉር ቤት ኮዬ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ፀጉር ቤት አለን። ፀጉር የምታጥበው ልጅ ጣቶቿ መሃል ይቀላል፣ ያሳክካታል፣ ይሰነጣጠቃል። ሻምፑውን «ከፓራቤን ነፃ» በሚል ብንቀይረውም አልተሻላትም። ዕቃው ላይ የትኛውን ስም እንፈልግ? እንዴትስ ይሞከራል?

ፋርማሲስት ቱሉ ዲምቱ፦
ፓራቤን በከንቱ ስሙ ጠፋ እንጂ ከፕሪዘርቫቲቮች (ምርቱ እንዳይበላሽ ከሚጨመሩ ኬሚካሎች) ሁሉ አለርጂ በማምጣት ዝቅተኛ ከሚባሉት ነው። ጣጣው እሱ ሲወጣ በምትኩ የሚገባው ነው። ከጀርባ በደቃቁ ከተጻፈው ውስጥ መጨረሻው «አይሶቲያዞሊኖን» የሚለውን ፈልጊ፤ ዋናው ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን ነው። የአውሮፓ ኅብረት ተቀብቶ በሚቆይ ቅባት ውስጥ ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከልክሎታል፤ ታጥቦ በሚወጣ ምርት ደግሞ ከ0.0015 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል። ዲኤምዲኤም ሃይዳንቶይን፣ ኳተርኒየም-15 እና ኢሚዳዞሊዲኒል ዩሪያ ደግሞ ቀስ እያሉ ፎርማልዲሃይድ የሚባለውን አለርጂ የሚያመጣ ኬሚካል ይለቃሉ። «ፎርማልዲሃይድ» የሚል ጽሑፍ ግን ዕቃው ላይ ላታገኚ ትችያለሽ። የእጅ ሳሙናውን፣ የዕቃ ማጠቢያውንና እርጥብ ሶፍቱንም አገላብጠሽ እዪ።

የቆዳ ነርስ፦
እህቴ፣ አለርጂ ነው ብለሽ አትቸኩዪ። ቀኑን ሙሉ ውሃና ሻምፑ ውስጥ የዋለ እጅ ያለ አለርጂም ይላጣል። ቀለም የምትቀባም ከሆነ ፒፒዲ የሚባለው የፀጉር ቀለም ኬሚካል ሌላው ተጠርጣሪ ነው።

ቤት ውስጥ የሚሞከረው ተቀብቶ የሚቆይ ቅባት ብቻ ነው፦ ክንዷ መታጠፊያ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ቦታ፣ በቀን ሁለቴ፣ እስከ ሁለት ሳምንት፤ ከቀላ ወዲያው ማቆም። ሻምፑና ሳሙና እንዲህ አይሞከሩም፤ ጤነኛውንም ቆዳ ያቆስላሉ። አለርጂው ከነካት ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ስለሚወጣ ዛሬ የተቀባችውን አትወንጅሉ።

ቁርጡ የሚታወቀው በፓች ምርመራ ነው፤ የተጠረጠሩት ኬሚካሎች በትንሽ በትንሹ ጀርባ ላይ 48 ሰዓት ተለጥፈው ሲነሱ ቆዳው ይታያል፣ በ4ኛው ቀን ደግሞ ይደገማል። አለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል ጠይቁ። ገበያ ላይ ቆዳ ለማቅላት የሚሸጠውን ክሎቤታሶል (ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት) እንዳትቀባ፤ ቆዳ ያሳሳል፣ ምርመራውንም ያደናግራል።

እስከዚያ የናይትራይል ጓንት ታድርግ፤ ውሃ ከገባበት ይቀየር። ቀለበቷን ታውልቅ፣ ሥሩ ሳሙና ይቀራል። ማታ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ትቀባ፤ ውሃ ስለሌለው ፕሪዘርቫቲቭ አያስፈልገውም።

ቀለም ቀቢ፦
ቤቱ በቅርብ ተቀብቶ ከሆነስ? በውሃ የሚበጠበጥ የግድግዳ ቀለም ውስጥም ያው አይሶቲያዞሊኖን አለ። በአየር ስለሚመጣ ፊትና የዓይን ቆብ ላይ ነው የሚወጣው። የእሷ ጣት ላይ ብቻ ከሆነ ግን ሻምፑውን መጠርጠር ይሻላል።